የኡም ዱኻን እሳት አንዳጅ

ሳሊማ ባሏ ሁለት ሚስት አለው ትል ነበር። አንዷ እሷ ራሷ፣ ሌላዋ ኡም ዱኻን። «እኔ ብቸኛ ሚስት ነኝ ብዬ ገባሁ» ትላለች ለጎረቤት ሴቶች፣ «ለካስ ጣውንቴ ቀድማኝ ወንዝ ዳር ተቀምጣለች። ያውም እሳት እየበላች!»

ኡም ዱኻን ጀልባ ነች። ስሟ በዐረብኛ የጭስ እናት ማለት ነው። በዱሮ ዘመን አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ጣውላዋንና ብረቷን አፈራርሶ ከኩርሙክ በኩል በግመል አስጫናት፤ ውሃ የሚፈላበትን ትልቁን የብረት ጋን ግመል ስላልቻለው በሬዎች በግንድ ላይ እየጎተቱ አመጡት። ከዚያ ከሆሞሻ ወዲያ፣ አባይ ከገደል ወጥቶ ትንሽ በሚያርፍበት ሐጀር በሚባል መሻገሪያ ላይ ተገጣጠመች። ሥራዋ መጎተት ነበር። ሰሊጡ፣ ጥጡ፣ ጨው የተጫነው አህያ፣ ፍየሉና ሰዉ ከኋላዋ በታሰረ ጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ይሳፈራል፤ እሷ ጭሷን እየተፋች ከአሶሳ በኩል ወደ ዳንጉር በኩል፣ ከዳንጉር በኩል ወደ አሶሳ በኩል ትጎትተዋለች። ከማንቡክ ወርዶ ሆሞሻ ገበያ የሚውል ነጋዴ ሁሉ በእሷ ጭስ ልብሱ ሸትቷል።

ዓብዱልላጢፍ እሳት አንዳጇ ነበር። ገና ጢም ሳያበቅል ገባ፣ ጢሙ እስኪሸብት እዚያው ቆየ። ጠዋት ጠዋት እሳቱን የሚያስነሳው በደረቅ ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ቶሎ ይያያዛል፣ እየተንጣጣ ውሃውን ያሞቀዋል፤ ግን አይቆይም። ጋኑ ማጉረምረም ሲጀምር ወፍራሙን ግንድ ያስከትላል። አለቃው ሬይስ ጁምዓ ከላይ መሪውን ይዞ ወንዙን ያያል፤ ዓብዱልላጢፍ ከታች ፊቱ በላብና በጥላሸት ተለውሶ ጋኑን ያዳምጣል። ሁለቱ በቀን ውስጥ ከጥቂት ቃል በላይ አይለዋወጡም። አይቸግራቸውምም ነበር።

ኡም ዱኻን የነሐስ ፊሽካ ነበራት። በመሻገሪያው ልማድ ፊሽካው ያለ ነገር አይነፋም። ሙሽራ ስትሻገር ረጅም ይነፋል፣ ሬሳ ሲሻገር አጭር። በሁለቱም ዳርቻ ያለ ሰው ድምፁን ሰምቶ ወይ እልል ይላል፣ ወይ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል።

ሳሊማ ከማዶ ተድራ ስትመጣ ሬይስ ጁምዓ በደስታ ፊሽካውን ከዳር እስከ ዳር ሊነፋው ተነሳ። መሃል ወንዝ ላይ ፊሽካው እንፋሎቱን ጨረሰውና ጀልባዋ ቀጥ አለች። መልህቅ ተጣለ። ሙሽራው ዓብዱልላጢፍ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ ወደ እሳቱ ወርዶ ግንድ መክተት ያዘ። ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ ወንዝ መሃል ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሙሽራው ከታች ሲወጣ ከዓይኑ ነጭ በቀር ነጭ የሚባል ነገር አልነበረውም። «የዚያን ቀን ነው ጣውንቴን ያወቅኋት» ትላለች ሳሊማ። «ባሌን ገና ሳልይዘው አጠቆረችብኝ።»

የጦርነቱ ዘመን መጣና መሻገሪያው ተዘጋ። ወታደር አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ይተኩሳል። ጠፍጣፋዋ ጀልባ በጥይት ተበሳስታ ወንዝ በላት። ነጋዴው ተበተነ። ሬይስ ጁምዓ በሕመም ወደቀና ዓብዱልላጢፍን አስጠርቶ፣ «ኡም ዱኻን አማና ናት» አለው። በእነሱ ዘንድ አማና የተባለ ነገር ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ እንደ ዓይን ብሌን የሚጠበቅ ነው፤ ባለቤቱ ባይመጣም ይጠበቃል። ሬይስ ጁምዓ ሞተ። በሬሳው ላይ አጭሩን ፊሽካ የነፋው ዓብዱልላጢፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ፊሽካ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም።

ዓብዱልላጢፍ ጀልባዋን ከውሃ ለማውጣት ሰፈሩን ለመነ። ወንዶቹ በገመድ ጎተቱ፣ ዙምባራ ነፊዎቹ ረጃጅም የቅል መለከታቸውን ይዘው መጥተው ጎታቹን በዜማ አበረቱ። ጀልባዋ ከዳርቻው ከፍ ያለ ቦታ ላይ አረፈች። ግን የዚያ አገር መሬት የምስጥ መሬት ነው። እንጨት መሬት ከነካ አልቆለታል፤ ሰው ማታ በደኅና በር ዘግቶ ይተኛና ከጊዜ በኋላ በሩ ቅርፊቱ ብቻ ቆሞ ያገኘዋል። ስለዚህ ዓብዱልላጢፍ ለጀልባዋ ያደረገው የአገሩ ሰው ሁሉ ለጎተራው የሚያደርገውን ነው። ድንጋይ ላይ አሳረፋት፣ ዙሪያዋን አመድ ነሰነሰ፣ ከሆዷ ሥር ደግሞ በየቀኑ እርጥብ እንጨት እያጨሰ ምስጡን አባረረ። እሳት ደግሞ ሙያው ነው። ዕድሜውን በእሳት አገልግሏታልና በእሳት ሊጠብቃት ወሰነ።

ጎረቤቱ ኻሚስ በዚያ ባለፈ ቁጥር ሳይናገር አያልፍም።

«ዓብዱልላጢፍ፣ እስካሁን አልበሰለችም?»

«ሂድ ወደ ማሽላህ።»

«አይ፣ ስትደርስ ጥራኝ ብዬ ነው። እኔ እግሯን እወዳለሁ።»

ኻሚስ ይቀልዳል እንጂ እውነቱን ለመናገር በዙሪያው የምስጥ ኩይሳ እንደ ሰው ቆሞ ሳለ ከኡም ዱኻን ጣውላ አንዱንም ምስጥ አልነካውም። ዓብዱልላጢፍ በዚህ ይኮራ ነበር። ዓመታት አለፉ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ክልሉ ተቋቋመ፣ አሶሳ ዋና ከተማ ሆነች። ጭሱ አልተቋረጠም።

አንድ ቀን ከአሶሳ አንድ ሰው መጣ። በኃይሉ ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የባህል ቢሮ ሠራተኛ ነው። ስለ ጀልባዋ ሆሞሻ ላይ ሰምቶ ከፊሉን በመኪና፣ ከፊሉን በእግሩ ደረሰ። ኡም ዱኻንን ባያት ጊዜ ዙሪያዋን ዞረ፣ ጋኑን ዳሰሰ፣ ጥላሸት የነካ እጁን አየና እንደ ልጅ ሳቀ።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዎን ነው የጠበቋት?»

ዓብዱልላጢፍ ከሚስቱ ጋር የሚነጋገረው በበርታ ቋንቋ ነው። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነበር። «አላህ ጠበቀ። እኔ ጭስ ብቻ» አለ።

«አሶሳ ሙዚየም ልንሠራ ነው። ደጁ ላይ የምትቆመው እሷ ናት። ክረምት ሳይገባ ከባድ ዕቃ በሚጭነው ሎቤድ መኪና እንወስዳታለን።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ ከእሷ ጋር ነዎት! ለሚጎበኘው ሰው ማን ይንገርልን?»

በዚያ ቀን ሐጀር ላይ ወሬው ተሰራጨ። ሳሊማ «ጣውንቴ ከተማ ልትገባ ነው፣ እኔ ከፍየል ጋር ልቀር» እያለች አፌዘች፤ ግን ጀለቢያውን አጥባ ሰቀለችለት። ኻሚስም ለጊዜው ቀልዱን ተወ። ዓብዱልላጢፍ የጋኑን ብረት በሰሊጥ ዘይት አሸው፣ ፊሽካውን በአመድ ወልውሎ አበራው። አማናውን የሚረከበው ተገኘ።

መኪናው አልመጣም። ደመናው ከሱዳን በኩል መከመር ጀመረ፣ መኪናው አልመጣም። ዓብዱልላጢፍ ዱላውን ይዞ አሶሳ ወጣ። ቢሮው የኪራይ ቤት ነው፤ ወንበር ስላልበቃ ከሠራተኛው ገሚሱ በረንዳ ላይ ቆሞ ይሠራል። በኃይሉ ሲያየው አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ ያለን ሎቤድ አንድ ነው። እሱም ግልገል በለስ ዕቃ ይዞ ሄዶ እዚያው ተበላሽቷል። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ክልሉ ገና ልጅ ነው፣ ይታገሡን። ክረምቱ ይለፍና ቃሌ ቃል ነው።»

«ክልል ልጅ ነው፣ ደኅና» አለ ዓብዱልላጢፍ። «ወንዝ ግን ትልቅ ሰው ነው። ኡስታዝ፣ እሱ አይጠብቅም።»

በኃይሉ የራሱን ምሳ አካፈለው፣ መኪና ድረስ ሸኘው። ሌላ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አልነበረም።

የዚያ ዓመት ክረምት ክፉ ነበር። አባይ ጭቃ መስሎ ሞላ፣ ዳርቻውን ከሥሩ እየበላ ከነዛፉ ይገምሰው ጀመር። ዓብዱልላጢፍ ጠዋት ያያት ቁጥቋጦ ለዙህር ሶላት የለችም። ጀልባዋ ያለችበት ጉብታ ሲሰነጠቅ ባየ ጊዜ ወደ ኻሚስ ቤት ሮጠ። በሽምግልናው ሲሮጥ ያየው ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት ወጣ።

«ወደ ውሃ እናውርዳት» አለ። «ከመሬት ጋር ከምትገመስ ብትንሳፈፍ ይሻላል። ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ ባለው ሰርጥ እናስራታለን።»

ወንዶቹ በገመድ ይዘው፣ ግንድ እያነጠፉ፣ ዝናብ እየደበደባቸው አወረዷት። ኡም ዱኻን ከስንት ዘመን በኋላ ውሃ ነካች። ሰዉ «አላሁ አክበር» አለ። ዓብዱልላጢፍም ዘሎ ገባ። ወዲያው እግሩ ቀዘቀዘው። ዝቅ ብሎ ቢያይ ውሃው በአንድ ቀዳዳ ሳይሆን በየጣውላው መጋጠሚያ፣ ከዳር እስከ ዳር እየገባ ነው።

በዚያች ቅጽበት ገባው። ጭሱ ነው። ከሆዷ ሥር ያልጠፋው እሳት፣ ምስጡን ያባረረው እሳት፣ በመጋጠሚያው ያለውን ዝፍት አቅልጦ ጣውላውን እንደ ቋንጣ አድርቆታል። ጣውላው ተኮማትሮ ተፈነቃቅሏል። ውሃ የለመደ እንጨት ውሃ ሲያጣ እንደሚከፈት ያውቅ ነበር፤ ግን ምስጡ ሌላውን ሁሉ አስረስቶት ኖረ። ለጎተራ የሚበጀውን ለጀልባ አደረገ። የገደላት ሌላ ማንም አይደለም።

«እኔ ነኝ» አለ ለኻሚስ። «አብስያታለሁ። የቀለድከው ደረሰ።»

«ተው እንጂ!» አለ ኻሚስ፤ ዓይኑን ሸሸው። «አሁን ወሬውን ተውና ጥጥ አምጣ።»

ጥጥ ጠቀጠቁ። ጥጡ አለቀ። ሳሊማ ከዳርቻው ወርዳ ከላይ የምትከናነበውን ቶብ ከራሷ ላይ ገፈፈችና በጥርሷ ቀደደችው።

«እንኪ» አለች ለጀልባዋ፣ ጨርቁን በመጋጠሚያው እየሰገሰገች። «ባሌን ወሰድሽ፣ ልብሴንም ውሰጂ። ምን ቀረሽ?» እያለቀሰች ነበር።

ውሃው አልቆመም። ከላይ ወንዙ እየጨመረ፣ ገመዱ እየተወጠረ ሄደ። ገመዱ ከተበጠሰ ጅረቱ ይዟት ከታች ካለው ፏፏቴ ድንጋይ ላይ ያፈርጣታል፤ የሚተርፈውን ብረት ሱዳን ይለቅመዋል። ዓብዱልላጢፍ ለወንዶቹ «ድንጋይ አምጡ» አላቸው።

«ለምን?»

«ላሰጥማት ነው። እዚሁ ሰርጡ ውስጥ፣ ከድንጋዩ ጀርባ። ከባድ ከሆነች ወንዙ አያነሳትም። ጣውላውም ውሃ ጠጥቶ ምናልባት ይገጥም ይሆናል።»

ወንዶቹ ተሰልፈው ድንጋይ እየተቀባበሉ ሞሏት። ዓብዱልላጢፍ በእንግሊዝ ቁልፍ ፊሽካውን ፈትቶ ብብቱ ውስጥ ከተተ። ኡም ዱኻን ቀስ ብላ፣ ሳታጉረመርም ወረደች። መጨረሻ የታየው የጭስ ማውጫዋ አፍ ነው፤ እሱም ውሃ ዋጠ።

«ለሬሳ አጭሩ ይነፋ የለ?» አለች ሳሊማ።

«አልሞተችም» አለ። ግን ወደ ቤት ሲሄድ እንደ ቀባሪ ነበር የሚራመደው።

ያን ክረምት ዓብዱልላጢፍ ሰው አልነበረም። ማሽላው ሳይታረም ቀረ። ሳሊማ ገንፎ ታቀርባለች፣ እንደቀረበ ይቀዘቅዛል። በየጠዋቱ ረጅም ቀርከሃ ይዞ ወደ ድንጋዩ ይወጣና ውሃውን ይወጋል። መጀመሪያ ቀርከሃው ብረት ይነካና ጋኑ ድም ይልለታል። እሷም እንዳለች ያውቃል። ሙላቱ ከበረታ በኋላ ግን አንድ ጠዋት ቀርከሃው ድም ሳይል ለስለስ ያለ ነገር ውስጥ ገባ። በሌላ በኩል ወጋ፤ ያው ነው። ወይ ወንዙ ወስዷታል፣ ወይ አሸዋ ቀብሯታል። ሁለቱን የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ከዚያ ወዲያ ቀርከሃውን አላነሳም፤ ደጁ ላይ ተቀምጦ ፊሽካውን በጨርቅ ይወለውላል፣ መልሶ ይጠቀልላል።

«ለሬይስ ጁምዓ ምን እለዋለሁ?» አላት አንድ ቀን ሳሊማን። «አማናህን በገዛ እጄ አድርቄ፣ በገዛ እጄ አስጥሜ መጣሁ ልበለው?»

ሳሊማ በዚያ ቀን አልቀለደችም።

ውሃው ጎድሎ መንገዱ ሲደርቅ ከሐጀር በላይ ባለው ዳገት የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ። በኃይሉ ቃሉን ጠብቆ ሎቤዱን ይዞ መጣ። ሾፌሩ የሻው የሚባል ወፍራም፣ ነጭናጫ ሰው ነው። መንገዱ ጎማ በልቶበታል። በኃይሉ ወርዶ ጉብታውን ፈለገ፣ ጉብታው የለም። ወንዙ ዳር ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ የተኛ ሰፊ አሸዋ ብቻ አየ።

ዓብዱልላጢፍ የሆነውን ሁሉ ነገረው። ጭሱንም አልደበቀም።

በኃይሉ አሸዋውን ዞሮ አየው። ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ጥፋቱ የኛም ነው» አለ። «ባዶ እጄን ብመለስ ግን ሁለተኛ መኪና አይሰጡኝም። ቢያንስ ፊሽካው አሶሳ ይግባ። መስታወት ውስጥ እናኖረዋለን። የእርስዎና የሬይስ ጁምዓ ስም ይጻፍበታል።»

ክፋት አልነበረውም። ዓብዱልላጢፍም አውቆታል፤ ያስጨነቀው ይኸው ነው። ፊሽካውን ከጨርቁ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ጠቀለለው።

«ይሄ ከሄደ ጀልባ ሞተ። አሶሳ ሰው ያያል፣ ያው መጣ ይላል። ከዚያ ማን ይመጣል? ኡስታዝ ይቅር በለኝ። አልሰጥም።»

«ሽማግሌው፣ ጀልባው እኮ የለም!» አለ የሻው ከመኪናው መስኮት። «ጌታው፣ ፀሐይ ሳይወርድ ዳገቱን እንውጣው። ለአሸዋ ብዬ እዚህ አላድርም።»

ሳሊማ ከበሩ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር። ወርቅ የምታጥብበትን የእንጨት ገበቴ ከግድግዳው አወረደች። በበጋ የሐጀር ሴቶች ሥራቸው ይኸው ነው፤ የወንዙን አሸዋ ቆፍረው በገበቴ እያዞሩ ያጥቡና የምታብረቀርቅ ቅንጣት ይፈልጋሉ። የሴቶቹ ዋና ዓኢሻ ነች፤ ጎበዝ ቆፋሪ፣ አፏም ስለታም ነው። ሳሊማ ከወንዙ በላይ ሴቶቹ ወደተሰበሰቡበት ሄደች።

«ዓኢሻ፣ እዚህ ታጥቦ ያለቀ አሸዋ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ከድንጋዩ ጀርባ ያለውን ዘንድሮ ወንዙ ነው ያመጣው። ማንም አልነካውም።»

ዓኢሻ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ወርቅ አሳይሻለሁ ብለሽ ጣውንትሽን ልታስቆፍሪኝ ነው?»

«አዎ።»

«ካልተገኘችስ?»

«አሸዋው ያንቺ። ድካሙም ያንቺ። እኔም አብሬሽ እቆፍራለሁ።»

ዓኢሻ ሳቀች፤ «እንደ አንቺ ያለች ጣውንት እኔም በኖረችኝ!» ብላ ገበቴዋን አነሳች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ሴቶቹ ከድንጋዩ ጀርባ ተደርድረው መቆፈር ጀመሩ። አንዷ ትዝቃለች፣ ሌላዋ ተቀብላ ወንዙ አፍ ላይ ታጥባለች፣ አሸዋው እየቀለለ ይሄዳል። ወርቁ ብዙም አልነበረም፤ ለቀልድና ለመሳደብ ግን በቂ ነበር። የሻው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፣ በየመሃሉ ጡሩምባ ይነፋል። ዓብዱልላጢፍ አልተጠጋም። ቢጠጋና ባትኖር የሚሆነውን ፈርቶ ከሩቅ ቆመ።

«አቡ ኢንዓም!» ስትል ሳሊማ በልጃቸው ስም ጠራችው። «ና! ጭስ ጭስ የሚሸት ነገር ነካሁ።»

የጭስ ማውጫው አፍ ነበር። በኃይሉ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ኻሚስ አካፋ ይዞ መጣ። ከጭስ ማውጫው ሥር የጋኑ ጀርባ፣ ከጋኑ ወዲህ የጎኗ ጣውላ ወጣ። ከላይዋና በአንድ በኩል ከውጭ ያለው አሸዋ ተዝቆ ሲያልቅ ጎኗ ራቁቱን ቀረ። ዓብዱልላጢፍ ተንበርክኮ እጁን በመጋጠሚያው ላይ አሳለፈ። ጥፍሩ የሚገባበት ቦታ አልነበረም። ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየ፤ የክረምቱ ውሃ ከድንጋዮቹ በላይ ተንጣልሎ ሰማዩን ያሳያል። በውጭ በኩል ፀሐይ ያገኘው ጣውላ ግን እየደረቀ ነው። ጠብታ አይወጣበትም።

«ይዛዋለች» አለ። በማን ቋንቋ እንደተናገረ አላወቀም። «ውሃውን ይዛዋለች።»

በጎኗ በኩል፣ በአንድ መጋጠሚያ ውስጥ፣ የሳሊማ ቶብ ጨርቅ በእንጨቱ መሃል ተነክሶ ቀርቷል። ሳሊማ በጣቷ ሳበችው፣ አልወጣም።

«እምቢ አለችኝ» አለች። «ሌባ!»

ፀሐይዋ ወደ ማዶው ተራራ አዘቀዘቀች። ኡም ዱኻን ገና እስከ ወገቧ አሸዋ ውስጥ ነች። ድንጋዩ አልወጣም፣ የሚያነሳት ገመድ አልተገመደም፣ ዳገቱም እዚያው አለ። ሎቤዱ ዛሬ ከሄደ የሚመጣው ክረምት በዚሁ ያገኛታል። ዓብዱልላጢፍ ይህን ያውቃል። ፊሽካውን ከጨርቁ ፈትቶ በጋኑ ላይ ወጣ፤ የቧንቧውን አፍ ከአሸዋ በትንፋሹ አጠራ፣ ነሐሱን በቦታው አስገብቶ በጣቶቹ ማጥበቅ ጀመረ። አሸዋ የቀረበትን የቧንቧውን ጥርስ ደጋግሞ ሳተው። ማንም አላገዘውም፤ ሴቶቹም ገበቴያቸውን ይዘው ያዩታል።

በኃይሉ ጭቃ በነካው እግሩ ወደ መኪናው ወጣ፤ ከሾፌሩ ጋር ምን እንደተባባሉ ከታች አልተሰማም። ዓብዱልላጢፍ ፊሽካውን እስከ መጨረሻው አጠበቀና ቀና ሳይል፣ ጆሮውን ወደ መኪናው ሞተር አድርጎ ጠበቀ።

የሻው ሞተሩን አጠፋ።